«ሚሞሪው አልነበበልኝም» ላላችሁኝ የሐዋሳ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች

ሰሞኑን ስለ ሚሞሪ ካርድ ብዙ ጠይቃችሁኛል። እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። አንድ አደራ ግን አለኝ፦ ካርዱ አልታይ ሲላችሁ ቶሎ ፎርማት አታድርጉ። ብዙ ጊዜ ካርዱ ደህና ነው፤ ያልተጫነው ሞጁሉ (ሊኑክስ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገው ትንሽ ፕሮግራም) ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ፎቶ አነሳለሁ። ፍላሽ ስሰካ ላፕቶፑ ወዲያው ያሳየኛል። የካሜራዬን ሚሞሪ ጎኑ ላይ ባለው ቀዳዳ ሳስገባ ግን ጸጥ። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሁለቱ መንገድ ይለያያል። ፍላሽ የሚሠራው በዩኤስቢ ስቶሬጅ ሞጁል ነው። ቀዳዳው ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ የራሱ ቺፕ አለው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ቺፑን ያገኝና መለያውን ያሳውቃል። ዩዴቭ (የሚሰካውን ዕቃ የሚከታተለው ፕሮግራም) ይህን ሰምቶ የሚስማማውን ሞጁል ከዝርዝር ፈልጎ ያስጭናል። ካርዱን ስታስገባ ደግሞ ሌላ ጥሪ ይመጣል፤ ያኔ ኤምኤምሲ ብሎክ የሚባለው ሞጁል ይጫናል። ዲስኩ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱ የት ጋ እንደተበጠሰ ፈልግ። ካርዱን አውጥተህ መልሰው፣ ከዚያ ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ትዕዛዝ) እይ። ስለ ካርዱ አዲስ መስመር ከመጣ ቀዳዳው ይሠራል ማለት ነው። ምንም ካልመጣ ወይ የቀዳዳው ድራይቨር (ሞጁሉ) የለም፣ ወይ ቀዳዳው ቆሽሿል። ለዛሬ ሥራህ ግን በዩኤስቢ የሚሰካ ካርድ ሪደር ተዋስ፤ እሱ እንደ ፍላሹ ይነበባል።

ጥያቄ፦ የካርድ አንባቢውን ሞጁል በየቀኑ ሞድፕሮብ በሚባለው ትዕዛዝ በእጄ ነው የምጭነው። ሰለቸኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በእጅ ሲጫን የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ብላክሊስቱን (የታገዱ ሞጁሎችን ዝርዝር) እዪ። ኢቲሲ ውስጥ፣ ሞድፕሮብ ዲ የሚለው ፎልደር ላይ ነው። ብላክሊስት የሚያግደው በራሱ የሚመጣውን ጥሪ እንጂ አንቺ በስሙ የምትጠሪውን አይደለም። ከኢንተርኔት የተቀዳ «ባትሪ ቆጣቢ» ፋይል ካርድ አንባቢውን ዘግቶት አግኝቼ አውቃለሁ። እዚያ ከሌለ ሞጁልስ ሎድ ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ መጨረሻው ኮንፍ የሆነ ፋይል ፍጠሪ፤ የሞጁሉን ስም ብቻ ጻፊበት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሥራዎችን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ ይጭነዋል። ብላክሊስቱን ሳታነሺ ግን እሱም ሳይጭነው ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ካርዱ አልታይ አለኝ።

መልስ፦ ሪስታርት አድርግ። አንዳንድ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) አዲስ ከርነል ሲገባ የድሮውን ሞጁሎች ያጠፋሉ። አሁን እየሠራ ያለው የድሮው ከርነል ሞጁል ቢጠራ አያገኝም።

ጥያቄ፦ የአባቴ የድሮ ሶኒ ካሜራ ሚሞሪ ስቲክ የሚባለውን የካርድ ዓይነት ነው የሚወስደው። የድሮ ላፕቶፕም አለን። ይሆናል?

መልስ፦ ላፕቶፑ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ካርድ አንባቢ ካለው ተስፋ አለ። እዚያ ላይ ዩዴቭ የካርዱን ዓይነት አይቶ ነው የሚመርጠው፤ ለኤስዲ ካርድ ቲአይኤፍኤም ኤስዲ የሚባለውን ሞጁል፣ ለሚሞሪ ስቲክ ቲአይኤፍኤም ኤምኤስን ይጭናል። የአባትህ ፎቶዎች ከተነበቡ በዚያው ቀን ሌላ ቦታ ገልብጣቸው።

ጥያቄ፦ ባለ 64 ጊጋ ካርዴ ይታያል፣ ግን አይከፈትም። ጓደኛዬ ፎርማት አድርገው አለኝ። የሰርግ ፎቶ አለበት።

መልስ፦ እንዳታደርገው! ከ32 ጊጋ በላይ ያሉት በአብዛኛው ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደረጃጀት የተሰናዱ ናቸው። የአሁኑ የኤክስፋት ሞጁል ሊኑክስ ውስጥ የገባው በ2020 እ.ኤ.አ.፣ በከርነል 5.7 ነው። ያንተ ከርነል ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስፋት ፊውዝ የሚባለውን ጥቅል ጫንና እንደገና ሞክር። ካልሆነም ካርዱን ሳትነካው አምጣልኝ፣ አብረን እናየዋለን።