ካቡቶሙሺ ከልጆች ጋር፦ የሰመር ጥያቄና መልስ

ጃፓን ያላችሁ ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችሁ ቀንዳሙን ጢንዚዛ፣ ካቡቶሙሺን፣ እንደሚጠይቋችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ያዙልኝ፦ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ ሐብሐብ አታብሉት፣ ሜዳ ላይ አትልቀቁት።

ቶኪዮ ያለች እናት፦ ልጄ ወንድና ሴት አስገዛኝ። ምን ምን ያስፈልገኛል?

ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ የእንጨት ብስባሽ አፈር፣ ለነፍሳት ምግብ የሚሸጥ ጄሊ፣ ቁራጭ ግንድ። የ100 የን ሱቅ ሂጂ፣ ታገኚዋለሽ። ግንዱን ችላ እንዳትይው። ጢንዚዛው በጀርባው ሲገለበጥ የሚይዘው ነገር ካጣ ሲፍጨረጨር አድሮ ይሞታል። አፈሩን እፍኝ አድርገሽ ጨብጪው። ቅርጹን ይዞ ከቆመና ውሃ ካልተንጠባጠበ እርጥበቱ ልክ ነው።

ናጎያ፦ ቀን ቀን አይንቀሳቀስም። ታሞ ይሆን?

የሌሊት ፍጥረት ነው። ይተኛበት።

ዮኮሃማ፦ ሐብሐብ ትንሽ ብትሆንስ? ልጆቹ መስጠት ይወዳሉ።

ከላይ ተናግሬያለሁ። ሐብሐብ ውሃ ነው፤ ሳጥኑን ያረጥባል፣ ያሸታል፣ ዝንብ ይጠራል። ካማራችሁ ሙዝ ስጡት።

አንድ አባት፦ የኛ ሞተ። ምን ሆኖ ነው?

ወንድሜ፣ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። መቼ ገዛኸው? የት አስቀመጥከው? ምን በላ? ኦገስት መጨረሻ ላይ ከሆነ ዕድሜው አልቆ ነው፤ ከአፈር ከወጣ በኋላ የሚኖረው ከ1 እስከ 3 ወር ነው። መኪና ውስጥ ወይም በረንዳ ፀሐይ ላይ ከነበረ ግን ሙቀት ገድሎታል።

ኦሳካ፦ ሁለቱም ሞቱ። ሳጥኑን ልጣለው?

ኧረ በፍጹም! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ሴቷ አፈሩ ውስጥ እንቁላል ጥላ ሊሆን ይችላል። አፈሩን ቀስ ብለሽ ጋዜጣ ላይ ገልብጪውና ከልጆቹ ጋር ፈልጉ። ነጭ፣ ግማሽ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ፣ ራሱ ቡናማ እጭ ካገኛችሁ እሰየው። እንቁላሉ በ2 ሳምንት ገደማ ስለሚፈለፈል አሁን ባይታያችሁም ትንሽ ታገሡ። የእጩ ምግብ ራሱ አፈሩ ነው። ጥቁር እንክብል ኩስ ላይ ላዩን ሲሞላ አፈሩን በከፊል ቀይሩለት። ብርዱን ማሞቂያ በሌለበት ክፍል ያሳልፍ። ሜይ ሲገባ ግን እጃችሁን ሰብስቡ! እጩ አፈሩ ውስጥ ቆሞ ወደ ጢንዚዛ የሚለወጥበትን ጎጆ ይሠራል። ጎጆው ከፈረሰ ወይ ቀንዱ ተጣሞ ይወጣል፣ ወይ ይሞታል። ጁን ወይም ጁላይ ላይ አንድ ማታ አፈሩ ሲገፋ ልጆቹ ያዩታል። እንስሳ ማሳደግ ማለት ይሄ ነው፤ ለአንድ ወር መጫወቻ መግዛት አይደለም።

አንድ አባት፦ የኔ ልጆች ሁለት ወንዶች ያታግላሉ። በጣም ደስ ይላቸዋል።

ቶኪዮ ያለች እናት፦ ያሳዝናል! ለልጅ ጭካኔ ማስተማር ነው።

አንድ አባት፦ ተፈጥሮው እኮ ነው። ጫካም ይታገላል።

ቶኪዮ ያለች እናት፦ ጫካ የተሸነፈው ይሸሻል። ሳጥን ውስጥ የት ይሂድ?

እህታችን እውነት አላት። ለአንድ ሳጥን አንድ ወንድ። እዚህ ላይ ይብቃን።

ኪዮቶ፦ ልጄ በየት በኩል ይያዘው?

ከራሱ ኋላ፣ ጀርባው ላይ ባለችው አጭር ቀንድ። በረጅሙ አይሆንም። ልብስ ላይ ከተጣበቀ አትጎትቱት፣ እግሩ ይነቀላል። ከኋላው ቀስ ብላችሁ ግፉት።

ቨርጂኒያ፦ እኔስ አሜሪካ ማስመጣት እችላለሁ?

ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለዚያ አትሞክር።

ሳይታማ፦ ለሰመር የቤት ሥራ ምን ይጻፍ?

መቼ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ በየሰዓቱ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እዚያው እናንተ ጋ አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ግቢያቸው ያለውን ሺማቶኔሪኮ የሚባል ዛፍ ሲከታተል፣ ካቡቶሙሺዎቹ ነግቶም ዛፉ ላይ እንደሚቆዩ አየ። ዝርዝሩን መዘገበ። በ2021 ከአንድ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ኢኮሎጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመለት። እርሳስና ደብተር ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ሳፖሮ፦ ዕረፍቱ ሲያልቅ ፓርክ ብንለቀውስ? ያሳዝናል።

አትልቀቁት ብያለሁ እኮ! በተለይ አንተ ያለህበት። ሆካይዶ ድሮ ካቡቶሙሺ አልነበረባትም፤ ሰው ወስዶት ነው የተስፋፋው። እስኪሞት ቤት ይኑር። ጄሊውን አታቋርጡበት።