መልስ፦ በሞሊ ድሬክ አልበም ላይ ግጥም የምታነበው ማን ናት?

ዘፈኖቹንና ግጥሞቹን የጻፈችው እንግሊዛዊቷ ሞሊ ድሬክ አይደለችም። በዘፈኖቹ መሀል ግጥሞቹን የምታነበው ልጇ ጋብሪኤል ድሬክ ናት፣ ተዋናይቷ። ሞሊ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ አንተ የያዝከው፣ ዘ አንታንክስ የተባለው ባንድ የእሷን ዘፈኖችና ግጥሞች ያቀረበበት አልበም የወጣው በ2017። የሚዘፍኑት ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የመጡት እህትማማቾች ሬቸልና ቤኪ አንታንክ ናቸው።

«የራሷን ድምፅ የት ላግኝ?» ላልከው፦ የባንዱን ስም ተወውና «ሞሊ ድሬክ» ብለህ ብቻ ፈልግ። በ1950ዎቹ ባሏ ሮድኒ እቤታቸው በቴፕ የቀዳት አለ፤ ኋላ አልበም ሆኖ ወጥቷል። ፒያኖዋና እሷ ብቻ ናቸው። ሰው ይሰማኛል ብላ ሳይሆን ለራሷ የምታንጎራጉር ነው የሚመስለው። መጀመሪያ እሱን ስማ፣ ከዚያ ወደ አንታንክስ ተመለስ። ሁለቱ እህትማማቾች ድምፃቸውን ሲያስማሙ ያ አጭር የቤት ዜማ ምን ያህል ጥልቀት እንደነበረው ያኔ ይገባሃል። ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ሞሊ የዘፋኙ የኒክ ድሬክ እናት መሆኗን ስታውቅ ዘፈኖቹን ሁሉ ልጇን ያጣች እናት ለቅሶ አድርገህ መስማት ይቃጣሃል። እኔ ያስደመጥኳቸው አብዛኞቹ እንደዚያ ነው የሰሙት። ኒክ የተወለደው በ1948፣ የሞተው በ1974 ነው። እነዚያ ዘፈኖች እቤት ሲቀዱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ትካዜው የራሷ ነው፤ ግጥሙንም የራሷ አድርገህ ስማው።