«በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለሽ ፈርሚ» ቢሉሽ

እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥቅምት 4 ስቶር ኪፐር ሆነሽ ገባሽ። ወረቀት አልሰጡሽም፤ በቃል ብቻ «ስድስት ወር ሙከራ ላይ ነሽ» አሉሽ። የካቲት 10 ኤች አሯ (የሰው ኃይል ኃላፊዋ) ጠርታሽ «ሙከራውን አላለፍሽም» አለችሽ፤ ቀጥላም «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረምሽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንደምትሰጥሽ ነገረችሽ። ልፈርም ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትፈርሚ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። በጽሑፍ መሆንም አለበት። እስቲ ካላንደር አውጪና አብረን እንቁጠር። በሳምንት ስድስት ቀን ነው የምሠራው ብለሻል፤ ስለዚህ 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው፤ ከጥቅምት 4 ተነስተሽ አሥር ሳምንት ስትቆጥሪ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ትደርሻለሽ። በጽሑፍ የተስማማሽው ሙከራ ቢኖር እንኳ የገና በዓል ሳይደርስ አልቋል ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ጭራሽ የፈረምሽው ነገር የለም። «ስድስት ወር ሙከራ» የሚባለው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግን ስንቱ መሥሪያ ቤት እንደ ሕግ ሲናገረው ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ «አላለፍሽም» ብሎ ነገር አይሠራም። ሊያሰናብቱሽ ከፈለጉ ሕጉ የሚቀበለው ምክንያት ሊኖራቸው ይገባል፣ እሱንም በጽሑፍ ሊሰጡሽ። ይህ ምክንያት ስለሌላቸው ነው እንግዲህ ያቺን ወረቀት አንቺ እንድትፈርሚ የፈለጉት። ከፈረምሽ በሕግ ፊት የተባረረ ሰው የለም፤ የለቀቀ ሰው ነው ያለው። በኋላ «ተገድጄ ነው» ብለሽ ማስረዳት የራስሽ ዕዳ ይሆናል።

የልምድ ደብዳቤውን በተመለከተ አትለማመጪ። ምን ሥራ እንደሠራሽ፣ ለምን ያህል ጊዜና በስንት ደመወዝ እንደሆነ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም።

«ውል የለኝም፣ ምን ይዤ እከራከራለሁ?» ላልሽው፣ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው ነው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ዝርዝሩን ሊሰጥሽ የሚገባው፣ ያንን አለማድረጉ ያንቺን መብት አይነካም። አሁን ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት አውጪ፣ ባጅሽን ፎቶ አንሺ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአለቃሽ ጋር የተጻጻፍሽውን ቴሌግራም ሴቭ አድርጊ። «ነገ የሚገባውን ካርቶን ቆጥረሽ ተረከቢ» የምትል አንዲት መልእክት ከነቀኗ ሠራተኛ እንደነበርሽ ጥሩ ትናገራለች። ከግሩፑ ሳያስወጡሽ ቶሎ ብትይ ይሻላል።

አንድ የምፈራልሽ ነገር ቀኑን ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ያግደዋል፤ ያንቺ ግንቦት 10 ያልቃል። ያልተከፈለ ደመወዝና ኦቨርታይም 6 ወር አለው። ክሱ የሚቀርበው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። መመለሱን ካልፈለግሽው (እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ተመልሼ የምገባ አይመስለኝም) ካሳ መጠየቅ ይቻላል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው የቀን ደመወዙ አማካይ በ180 ተባዝቶ የማስጠንቀቂያ ጊዜ (ከስንብት በፊት ሊሰጥ የሚገባው ጊዜ) ክፍያ ይጨመርበታል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አሠሪዎችም ይደውሉልኛል፣ ለእነሱም የምለው ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ሰውየው ካልሆነላችሁ በ60ው ቀን ውስጥ ወስኑ፣ ሙከራውን ደግሞ ከመጀመሪያው አስፈርሙት። ሁለቱንም ሳያደርጉ ቆይተው ነው መጨረሻ ላይ በልምድ ደብዳቤ ሰው የሚያስፈራሩት።

የሚቀጥለው ኢንተርቪው ላይ ይህን ሁሉ አትዘርዝሪ። «የሙከራ ጊዜ አለመግባባት ነበር» ብለሽ እለፊና ስለ ስቶር ሥራሽ አውሪ።

አሁን ግን ለኤች አሯ በቴሌግራም ይህችን ብቻ ጻፊላት፦ «የስንብቴን ምክንያትና ቀኑን በደብዳቤ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።» ትመልስም አትመልስም፣ ስክሪንሾቱን አስቀምጪ።