መልስ፦ አድጌም ጅብ ያስፈራኛል፣ ጤነኛ ነኝ ወይ?

ጤነኛ ነህ ወንድሜ፣ አትጨነቅ። አብዛኞቻችን «ዝም በል፣ አያ ጅቦ ይመጣል!» እየተባልን ነው ያደግነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጅቡ ሳይሆን ቡዳው ነው። ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ሲባል የኖረው ማን ነበር? ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ። ቀን ማረሻችንን የሚሠራልን፣ እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የምትሠራልን። እጃቸውን እንፈልጋለን፣ ዓይናቸውን እንፈራለን። መሬት ከልክላቸው፣ ልጅህን አትዳርላቸው፣ ከዚያ ደግሞ «ይበሉኛል» በል! ማን ማንን እንደበላ እንግዲህ አንተው ፍረድ።

ሐረር ስትሄድ ያው ጅብ ሌላ ነው። በጀጎል ግንብ ላይ መግቢያ ቀዳዳ አለው። ማታ ሥጋ ያበሉታል፣ በሙስሊሞች የአሹራ በዓል ደግሞ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለታል። ገንፎውን ከበላ ዓመቱ ደግ ነው ይባላል። እዚያ ያደገን ልጅ በጅብ ማስፈራራት መቼም ይከብዳል።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ሲጮህ ሰምተህ ሰውነትህን ውርር ሲያደርገው፣ የፈራኸው እንስሳውን ነው ወይስ አብሮ የተነገረህን ወሬ? እኔ ለልጆቼ አያ ጅቦን በተረት ብቻ ነው የማወራላቸው። እዚያ ውስጥ ሁሌ ጦጣ ስታሞኘው ነው የሚያድረው።