ድሬዳዋ ላይ የምትክ መምህርነት ሥራ ለምትፈልጊ እህታችን

«ከዓመታት የዱባይ ኑሮ በኋላ ወደ ድሬ ተመልሻለሁ። የሂሳብ ዲግሪ አለኝ፣ እዚያም አስተምሬያለሁ። የምትክ መምህርነት ሥራ እንዴት ይገኛል?» ላልሽው፦

እህቴ፣ ማስታወቂያ አትጠብቂ። መምህር ለሁለት ሦስት ቀን ሲታመም ክፍለ ጊዜውን የሚሸፍኑለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ለዚያ ብሎ ከውጭ ሰው የሚቀጥር ትምህርት ቤት አታገኚም። ቦታ የሚከፈተው በወሊድ ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ታርፋለች። አራት ወር ማለት አንድ ሴሚስተር ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ያን ያህል ጊዜ ደርቦ የሚያስተምርላት የለም።

ስለዚህ ከዚራና ሳቢያን ሰፈር ያሉትን የግል ትምህርት ቤቶች እየዞርሽ ጠይቂ። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሰልፍ አልቆ ተማሪው ክፍል ከገባ በኋላ ሂጂ። ምክትል ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪ፤ የትኛዋ መምህርት መቼ እንደምትወጣ የሚያውቀው ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ነው። ማመልከቻሽ ላይ የትምህርት ዓይነቱን፣ የክፍል ደረጃውንና የምታስተምሪበትን ቋንቋ ለይተሽ ጻፊ። ድሬ ላይ በታችኛው ክፍል በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም ይማራሉና «ሁሉንም እችላለሁ» ማለት አይጠቅምሽም። የ20 ደቂቃ የሙከራ ትምህርት ከአዲሱ መጽሐፍ አዘጋጂ። አንቺ ስትሄጂ እስከ 8ኛ የነበረው አንደኛ ደረጃ አሁን እስከ 6ኛ ነው፤ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል።

ዲግሪሽ የአገር ቤት ከሆነ ዋናውንና ኮፒውን መያዝ ይበቃል። ከውጭ ያመጣሽው ማስረጃ ግን እዚያው አገር ውጭ ጉዳይና በእኛ ቆንስላ መረጋገጥ አለበት፤ አቻ ግምቱን፣ ማለትም ማስረጃሽ ከአገር ቤቱ ከየትኛው ደረጃ ጋር እኩል እንደሆነ የሚገልጸውን ወረቀት፣ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነው፦ ማኅተሙን ሳያስመታ ይመጣና ወረቀቱን መልሶ በሰው መላክ ግድ ይሆንበታል። የልምድ ማስረጃሽም የጀመርሽበትንና የለቀቅሽበትን ቀን፣ ያስተማርሽውን ትምህርትና ክፍል ካልጠቀሰ አዲስ አስጽፊ። ዜግነት ቀይረሽ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለሽ የሥራ ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በፈቃድ የወጣ ሠራተኛን ለመተካት ለተወሰነ ጊዜ መዋዋልን ይፈቅዳል። በቃል ብቻ አትግቢ። ውሉ ላይ የሚያበቃበት ቀን፣ ክፍያው በወር ይሁን በክፍለ ጊዜ፣ የሴሚስተሩ እረፍት ይከፈልበት እንደሆነ ይጻፍ። በክፍለ ጊዜ የሚከፈል ከሆነ ፈተና ማውጣቱና ማረሙ ካልተጠቀሰ በነፃ ይቀራል፤ ለሂሳብ መምህር ደግሞ እርማቱ ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ከመምህርቷ ማርክ ሊስቱንና መጽሐፉ የት ገጽ ላይ እንደቆመ ፈርመሽ ተረከቢ። ስትወጪም አስፈርመሽ አስረክቢ፣ ፎቶውንም ያዢ። የጎደለ ውጤት ሲመጣ የሚጠየቀው መጨረሻ የያዘው ሰው ነው።