የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ፦ ኖራው መጨረሻ ላይ ነው

በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ያለው የማኅበር ቡና ማጠቢያ በቀን 10 ቶን እሸት (ቀይ የቡና ፍሬ) ሲፈለፍል ጉድጓዱ ሞልቶ ወንዝ እየገባ፣ የታች ሰፈር ሰው በክርፋቱ ተማረረ፤ «ኖራ ብንጨምርበት ይበቃል ወይ?» ላላችሁት፦ አይበቃም። ኖራ አሲዱን እንጂ ስኳሩን አያነሳም። ወንዙን የሚገድለው ስኳሩ ነው፤ ባክቴሪያ ሲበላው የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሥራው የሚበዛውም ዝናቡ አቁሞ ወንዙ በሚቀንስበት ወቅት ነው።

መጀመሪያ ውኃውን ቀንሱ። ውኃ የማይመልስ ጣቢያ በአንድ ቶን እሸት 15 ሜትር ኩብ ቢፈጅ አይገርምም፤ በእናንተ ልክ በቀን 150 ነው። የመፈልፈያውን ውኃ በወንፊት አሳልፋችሁ በፓምፕ ብትመልሱት በቶን ወደ 4 ይወርዳል። ማታ ግን ይቀየር፤ ያደረ ውኃ የነገውን ቡና ያበላሻል። የመጨረሻው እጥበት ሁልጊዜ በንጹሕ ውኃ ይሁን። ገለፈቱን (ሲፈለፈል የሚወጣውን የፍሬውን ልጣጭ) በውኃ አትግፉት፤ የእሸቱን ክብደት 40 በመቶ ገደማ የሚይዘው እሱ ነው፣ ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥርም ስኳሩን ይለቃል። በደረቁ አውጥታችሁ ኮምፖስት አድርጉት።

ለቀሪው 40 ሜትር ኩብ ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን ቆፍሩ፤ እያንዳንዱ 7 በ6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር፣ የላይኛው 50 ሳንቲ ሜትር ባዶ የሚቀር። አንዱ ሲሞላ ሌላው ያርፋል። ሲያርፍ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ወደ 4 ይወርድና ልጋጉ፣ ማለትም ከፍሬው የታጠበው አጣባቂ ነገር፣ እንደ አይብ ረግቶ ይንሳፈፋል። ብዙ ጣቢያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኖራውን ቀድሞ ይደፋል፣ ልጋጉ ሳይረጋ ይቀራል፣ ኋላም ሣሩ ሥር ሄዶ አፈሩን ይደፍናል። የረጋውን ገፍፋችሁ ከገለፈቱ ጋር ቀላቅሉ። መውጫ ቧንቧው ቫልቭ ያለው፣ ከወለሉም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን፤ ዝቃጩ እዚያው ይቅር። የጅማ ቀይ አፈር ውኃ ያሳልፋልና ወለሉና ግድግዳው በሸክላ አፈር ይጠቅጠቅ ወይም ጂኦሜምብሬን (ውኃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ይነጠፍበት። «የእኛ ጉድጓድ ሞልቶ አያውቅም» የሚል ጣቢያ ካለ፣ ፍሳሹ በመሬት ውስጥ ሰርጎ እንዳይሆን ከታች ያለውን ምንጭ ሄዳችሁ እዩ።

የኖራውን መጠን ከማንም አትጠይቁ፤ በየቀኑ ይለያያል። ከረጋው በታች ካለው ውኃ 20 ሊትር ቅዱ፣ 10 ግራም 10 ግራም እየጨመራችሁ አማስሉ፣ በፒኤች ወረቀት 6.5 ሲደርስ አቁሙ። 30 ግራም ከፈጀ 40 ሜትር ኩቡ 60 ኪሎ ይፈልጋል። ለአሲዳማ ማሳ የሚሰጠው የግብርና ኖራ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ሳትቸኩሉ ለኩ። የግንባታው ኖራ ግን ፈጥኖ ከ10 በላይ ያሻግራል፣ ዓይንም ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አይለያችሁ።

ከዚያም በኋላ ቀጥታ ወደ ወንዝ አይለቀቅ። ቀዳዳ ባለው ቧንቧ ቬቲቨር ሣር ላይ በትኑት፣ የሣሩን መደብም ከፍላችሁ በየተራ አሳርፉ። ሣሩ ሰኔ ላይ፣ ተዳፋቱን አግድም በያዘ ረድፍ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከል፤ ጥቅምት ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ፍሳሹ ይደርስበታል። ስለ ዝርያው መልኮ ያለውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቁ።

የቀን ቅበላችሁን ደግሞ በጉድጓዱ እንጂ በማሽኑ አቅም አትወስኑ። ማሽኑ 15 ቶን ቢችል እንኳ ጉድጓዱ የ10 ከሆነ፣ የተረፈው እሸት ማድረቂያ አልጋ ላይ ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል ይሁን።