የእህቴ ልጅ ይራመድልኛል

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር የ52 ዓመት እናት ነኝ። የጡት ካንሰር ታምሜ ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞቴራፒውንም ከጨረስኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ከካንሰር የዳኑ ሰዎች በእግራቸው እንዲሄዱ የሚያበረታታ የኢንተርኔት ፕሮግራም ላይ አስመዘገበችኝ። ስልኬ ርምጃዬን ይቆጥራል፤ ቁጥሩን እሷም ታየዋለች። ግቡ በቀን 10,000 ነው። እኔ ግን ጊዮርጊስ ተሳልሜ እስክመለስ ጉልበቴ ይከዳኛል። ከኬሞው ወዲህ የእግሬ ጣቶች ደንዝዘው ጠጠር ብረግጥ እንኳ አይታወቀኝም። አንድ ማታ ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ዛሬ 2,300 ብቻ?» ስትለኝ አፈርኩ። በነጋታው ስልኩን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ኪሱ ከቶ ኳስ ሲጫወት ውሎ 11,400 አስገባልኝ። ልጄ በደስታ አለቀሰች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፤ ፕሮግራሙም «በርቺ» ብሎ ግቡን 12,000 አደረሰው። ምን ይሻለኛል?
ጭንቀቴ የበዛ እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣ ይቅር ይበሉኝና ስቄአለሁ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። እንዲህ ያለው ነገር የሚሠራው ያለፈውን አይቶ ለሚቀጥለው ጥቂት በመጨመር ነው፤ የኳስ ተጫዋች እግር ሰጡት፣ ለኳስ ተጫዋች የሚመጥን ግብ አወጣ።

10,000 የሚለውን ግን አልወደውም። ከሐኪም ቤት የወጣ ቁጥር አይደለም። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በሮጠ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፤ «ማንፖ ኬይ»፣ የአሥር ሺህ ርምጃ መለኪያ እንደ ማለት። የዘርፉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ለካንሰር ታካሚዎች ያወጡት ምክር ከዚህ ይቀላል፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ሞቅ አድርጎ መንቀሳቀስ ድካምንና ጭንቀትን ያቃልላል። ያ ድካም ደግሞ ተኝተው ቢውሉም የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ መሄዱን አይተዉት።

የእርስዎ መነሻ 2,300 ነው፤ አይፈሩበት። አንድ ሳምንት ስልኩን ራስዎ ይዘው የለመዱትን ብቻ ይሂዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ፤ ሲደክምዎ ሐይቁ ዳር ዐረፍ ብለው ታንኳዎቹን ይዩ። ፀሐይ ሳትበረታ ይውጡ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ አንዴ መሻገሩ ብቻ ከአምስት መቶ ርምጃ በላይ ይሆናል። ለዚያ ግን አይቸኩሉ።

የጣትዎን መደንዘዝ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ኬሞ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። እስከዚያው በነጠላ ጫማ አይውጡ፣ ከኮብልስቶኑ ይልቅ የተስተካከለውን መንገድ ይምረጡ፤ ሲመለሱም እግርዎን አገላብጠው ይዩት፣ ቁስል ሳይታወቅዎ ሊከርም ይችላልና። ደረትዎን ከወጋዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ክንድዎ ካበጠ ርምጃው ይቅርና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ልጅዎን በተመለከተ፦ አጠገብዎ ስለሌለች እናቴ ዛሬ ተነሥታለች ወይ የሚለውን የምታውቀው በዚያ ቁጥር ነው። «ያ ሁሉ ርምጃ የአክስትሽ ልጅ ነው፤ የእኔ 2,300 ነው» ይበሏት። ትቆጣ ይሆናል፤ ለጥቂት ቀን ነው።

ስልኩን ግን ዛሬውኑ ከልጁ ኪስ ያውጡት። ኳስ ሜዳ ላይ ከተሰበረ ለልጅዎ የሚናዘዙት ሁለት ይሆንብዎታል።